ድምፃቸውን ሳልሰማ የወደድኋቸው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

ማንኛውም ሰው በሥራው የሚመራበት አንድ ምሳሌ ያስፈልገዋል። ገበሬ እርፍ አያያዝን ከአባቱ ይማራል፤ ሸማኔ መወርወሪያ አወራወርን ከቀደመው ሸማኔ ያያል። በመድረክ ላይ ቆሞ የሚዘምርና የሚጫወት ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ከእርሱ በፊት የቆመና በልቡ የሚከተለው አንድ ሰው አለው። የእኔ ነገር ግን ከሌላው ጥቂት ለየት ይላል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሬ የማከብራቸው ባለ ዜማ እኔ ከመወለዴ ብዙ ዓመት አስቀድመው የሞቱ ናቸው፤ ድምፃቸውንም አንድ ቀን እንኳ በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም። እኒህ ሰው የደብረ ኤልያሱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው።

በትምህርት ቤታችን የሙዚቃና የቴአትር ክበብ ያሉ ተማሪዎች መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት የእኒህን ሰው ስም ለምን እንደማነሣ በየዓመቱ ይጠይቁኛል። ነገሩ ከመድረክ ጀርባ በጥድፊያ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ ሳልሰጣቸው ቈይቻለሁ። ዘንድሮ የመጽሔቱ አዘጋጆች አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ ግን ዕዳዬን ልከፍል ቈረጥሁ። ስለዚህ በመጀመሪያ ስማቸውን እንዴት እንዳወቅሁ፥ ቀጥሎም የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ፥ በመጨረሻም ለእኔ ያደረጉልኝን እናገራለሁ።

የተወለድሁት ከደብረ ኤልያስ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። አባቴ የደብር አገልጋይና ዜማ አዋቂ ነበሩ። በበዓል ዋዜማ ካህናቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሸበሽቡ እኔ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልዬ እተኛ ነበር፤ የከበሮው ድምፅ ግን እንቅልፌን አልፎ ይገባና ይቀሰቅሰኛል። ከዚያ በኋላ መቋሚያው ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል፥ ጸናጽሉ ሲመታ፥ አባቴ ድምፃቸውን ከሌሎቹ ጋር ሲያነሡ እያየሁ አነጋለሁ። መዘመር የወደድሁት ከዚያ ጀምሮ ነው።

በ1978 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ለመማር ወደ ደብረ ማርቆስ መጣሁ። ከሁለት የመንደሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ጀመር። ስንቃችን በሶና ድርቆሽ ነበረ፤ እርሱም በገበያ ቀን ከመንደር በሚመጣ ሰው እጅ ይደርሰን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት 10ኛ ክፍል እንደ ገባሁ የአማርኛ መምህራችን በወላጆች በዓል ለሚታይ አጭር ቴአትር መረጡኝ። የተሰጠኝም ክፍል ልጁን በጦርነት ያጣ አንድ አርበኛ ብቻውን ሲያንጐራጕር የሚታይበት ነበረ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ሌሊት ሌሊት ጓደኞቼን እንቅልፍ እየነሣሁ አጠና ነበር።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ መንደር ደረሰ። ወሬ እንደምታውቁት በመንገድ ላይ እየወፈረ ይሄዳል። አባቴ ዘንድ ሲደርስ ልጃቸው ትምህርቱን ትቶ አዝማሪ ሆኗል የሚል ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራችን ይህ ቀላል ስድብ አልነበረም። አዝማሪ በሠርግም በድግስም ይፈለጋል፤ ሁሉም በግጥሙ ይስቃል፥ ይሸልመዋልም፤ ነገር ግን ልጁን ለአዝማሪ የሚድር፥ ከአዝማሪ ጋር በማዕድ እኩል የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ነበር። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን ጊዜ ግን አንድ የካህን ልጅ በሰው ፊት ሊዘፍን ነው ማለት ቤተ ሰቡን ሁሉ ማሳፈር ነበር።

አባቴ በገበያ ቀን መጡ። የያዙትን ስንቅ በደጃፉ አስቀምጠው ግቡ ብላቸው አልገቡም፤ ተቀመጡ ብላቸውም አልተቀመጡም። ወደ ከተማ የላኩኝ ጸሐፊ ወይም መምህር እንድሆን እንጂ በሰው ፊት እንድጫወት አለመሆኑን በዝግታ ነገሩኝ። መድረክ ላይ የወጣሁ እንደ ሆነ ይህ ስንቅ የመጨረሻው መሆኑን አስታውቀውኝ ሄዱ። አባቴ ቍጡ ሰው አልነበሩም፤ ስለዚህም ቃላቸው እንደማይታጠፍ አወቅሁ።

በማግሥቱ ጧት የተሰጠኝን ወረቀት ይዤ ለመመለስ ወደ መምህሬ ሄድሁ። እርሳቸው ግን ወረቀቱን አልተቀበሉኝም። ከባሕር ዛፉ ሥር አስቀምጠው የአንድ ሰው ታሪክ ነገሩኝ፤ ከነገሩኝም በኋላ ያዘዙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከመወሰኔ በፊት ይህንኑ ታሪክ ለአባቴ ሄጄ እንድነግራቸው ነው። ያን ጊዜ ከመምህሬ የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ እያነበብሁ የጨመርሁትን አንድ ላይ አድርጌ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም. በጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፥ በቅኔ ጉባኤዋ ስሟ ርቆ የተሰማ ደብር ናት። የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ደብር ናት። ዮፍታሔም እንደ ዘመኑ ልማድ ትምህርታቸውን በቤተ ክርስቲያን ጀምረው ለቅኔ ደረሱ።

የዚያን ዘመን ተማሪ ኑሮ ለዛሬ ተማሪ ማስረዳት ያስቸግራል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ውሻ ያባርረዋል፤ የሚያድርባት ጎጆ እርሱና ጓደኞቹ በእጃቸው የሠሯት ናት። ሆኖም ትምህርቱ ጥልቅ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ብቻውን ወጥቶ ያስባል፤ ያሰበውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እየከበደ በሚሄድ መንገድ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። በሰሙ አንድ ነገር ተናግሮ በወርቁ ሌላ ነገር መደበቅን ይማራል።

እዚህ ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ቅኔ በዝምታ ተነቦ የሚቀር ጽሑፍ አይደለም። ባለ ቅኔው በማኅሌት መካከል ቆሞ፥ ሊቃውንቱ ጆሮአቸውን አቅንተው እየሰሙት፥ በዜማ የሚለው ነው። ቃሉ ቢሳሳት ወይም ዜማው ቢሰበር ወዲያው ይታወቅበታል። የትናንቱንም ቅኔ ለዛሬ መድገም ነውር ነው። ስለዚህ የቅኔ ተማሪ ደራሲም፥ ዘማሪም፥ በሰው ፊት መቆምን የለመደ ባለ መድረክም ሆኖ ይወጣል። ዮፍታሔ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ለሠሩት ሥራ ሁሉ ጥሪቱን የሰበሰቡት ከዚህ ነው ብል አልተሳሳትሁም።

ቀኝ ጌታ የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። በማኅሌት ጊዜ መዘምራኑ በቀኝና በግራ ሁለት ሆነው ትይዩ ይቆማሉ። የቀኙን የሚመራው ቀኝ ጌታ፥ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። እንግዲህ ዮፍታሔ የታወቁበት ማዕረግ ራሱ የባለ ዜማ ማዕረግ ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ዮፍታሔ የዓባይን በረሃ ወርደው፥ ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ። በዚያም ከጊዜ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ሆኑ። አዲስ አበባ በዚያን ዘመን ብዙ አዲስ ነገር የሚታይባት ከተማ ነበረች። ቴአትር ግን ገና እንግዳ ነበረ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ በእንስሳት አስመስለው የመንግሥቱን ሰዎች የነቀፉበት ፋቡላ የተባለው ቴአትር ከታየ በኋላ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከልክሎ ነበር። ቴአትር እንደገና ነፍስ የዘራው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት ዘመን ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት መምህራን ስማቸው ጐልቶ ወጣ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መላኩ በጎሰው፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ዮፍታሔ ንጉሤ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ዮፍታሔ ባለ ሙያ ተጫዋቾች አልነበሯቸውም። የነበሯቸው እንደ እናንተ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ግጥሙን ራሳቸው ይደርሳሉ፤ ዜማውን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ከዚያም ለልጆቹ ያስጠናሉ። በዚያን ዘመን ሴቶች በመድረክ ላይ ስለማይወጡ የሴቱንም ቦታ ወንዶች ልጆች ይጫወቱት ነበር። ቴአትሮቻቸው በግጥም የተጻፉ፥ በመካከላቸውም መዝሙር የሚገባባቸው ነበሩ። ጥቅም ያለበት ጨዋታ፥ ምስክር፥ እያዩ ማዘን፥ አፋጀሺኝ የተባሉት ከድርሰቶቻቸው ጥቂቶቹ ናቸው። በአፋጀሺኝ ውስጥ ብዙዎች የሚፋጁባት አንዲት ውብ ሴት ትታያለች፤ ሰሙ ሴቲቱ ስትሆን ወርቁ አገራችን ኢትዮጵያ ናት። ይህ በደብረ ኤልያስ የተማሩት የሰምና ወርቅ መንገድ ወደ መድረክ ሲወጣ ነው።

ብዙ ሰው ስማቸውን ባያውቅም ቃላቸውን ግን አገሩ ሁሉ ለብዙ ዘመን በአፉ ይዞት ነበር። የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የደረሱት ዮፍታሔ ናቸውና። የዜማው ደራሲ ኬቮርክ ናልባንድያን የተባሉ አርመናዊ ናቸው። እኒህ ሰው አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር፥ የልጆቹ የሙዚቃ መምህር ሆነው የመጡ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ዜማው በናስ መሣሪያ የሚነፋ የሰልፍ ዜማ ነው፤ ቃሉ ደግሞ በከበሮና በጸናጽል ያደገ የጎጃም ቅኔ ተማሪ ቃል ነው። ሁለቱ ከተለያየ ዓለም መጥተው በአንድ መዝሙር ተገናኙ። መዝሙሩ በንግሥ በዓሉ ተዘመረ፤ ከዚያም ወዲህ በአገሩ ሁሉ ሰንደቅ ዓላማ በወጣና በወረደ ቍጥር ሲዘመር ኖረ።

ይህ የሰላም ዘመን ብዙ አልቈየም። ጣሊያን ሊወረን መዘጋጀቱ በታወቀ ጊዜ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በማኅበሩ ስብሰባ ሕዝቡን ለማንቃት ንግግር፥ ግጥምና መዝሙር ይቀርብ ነበር፤ ዮፍታሔም በዚህ ሥራ ከተሰለፉት ደራስያን አንዱ ነበሩ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጠላት ወሰን አልፎ ገባ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያዘ። ዮፍታሔም ተሰደው ሱዳን ገቡ። ለሰው ስደት ከባድ ነው፤ ለባለ ቅኔ ግን ይብስበታል። ገበሬ በሰው አገር ቢያርስ መሬቱ ያበቅልለታል፤ ባለ ቅኔ ግን ቋንቋውን የሚሰማለት ሕዝብ ከሌለ ለማን ይዘምራል? ይሁን እንጂ በስደት ሳሉም ብዕራቸውን አልጣሉም።

በዚህ መካከል የትውልድ አገራቸው ጎጃም ዝም ብሎ አልተቀመጠም ነበር። እነ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፥ እነ ራስ መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጠላትን እረፍት ነሥተውት ነበር። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ገብተው በጎጃም አድርገው ሲመጡ ደብረ ማርቆስ በመጋቢት መጨረሻ ነፃ ወጣች፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተገባ። መዝሙሩም ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ እንደገና በአደባባይ ተሰማ። ደራሲውም ለነፃነቱ ቀን በቁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የኖሩት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። በ1939 ዓ.ም. ገና በ52 ዓመታቸው ዐረፉ። መዝሙራቸው ግን ከእርሳቸው በኋላ 28 ዓመት ያህል፥ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የአገሩ መዝሙር ሆኖ ኖረ።

መምህሬ የነገሩኝ ታሪክ ከሞላ ጐደል ይህ ነበር። እኔም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሊት ተነሥቼ መንገድ ጀመርሁ። ቀኑን ሙሉ ስጓዝ አባቴን እንዴት እንደማናግራቸው ሳሰላስል ዋልሁ። ማታ ስደርስ እናቴ እግሬን አጥበው እራት አቀረቡልኝ። አባቴ ግን ስለ ቴአትሩ አንዳች ሳይጠይቁኝ ዝም ብለው እሳቱን ያዩ ነበር። እኔም ከብዙ ዝምታ በኋላ ስለ ራሴ ምንም ሳልናገር፥ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔን ያውቋቸው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

አባቴ ቀና አሉ። የዚያን አካባቢ ሰው ሆኖ የቅኔ ስማቸውን የማያውቅ ካህን እንዴት ሊኖር ይችላል? ስለ ቅኔ አዋቂነታቸው ከአረጋውያን የሰሙትን ደስ እያላቸው ነገሩኝ። ሲጨርሱ እኔ ተቀበልሁና ያልሰሙትን ነገርኋቸው። እኒያው ሊቅ ተማሪዎችን ሰብስበው መድረክ ላይ እንዳቆሙ፥ ቴአትር እንደ ጻፉ፥ ዜማ እያወጡ እንዳስጠኑ፥ የሰንደቅ ዓላማውንም መዝሙር ግጥም የደረሱ እርሳቸው እንደ ሆኑ ተናገርሁ። ያን ጊዜ ያ መዝሙር ከቀረ 12 ዓመት ሆኖት ነበር።

አባቴ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ከዚያ ቀን በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን ነገር ነገሩኝ። በልጅነታቸው የዜማ ተማሪ ሆነው ደብረ ማርቆስ በነበሩ ጊዜ ጧት ጧት ቁራሽ ለመለመን ሲወጡ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር አጠገብ ያልፉ ነበር። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ሲዘምሩ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዳምጡ ነበር፤ ከማዳመጥም ብዛት መዝሙሩን ሙሉውን ይዘውት ነበር። ያ የአስኳላ ተማሪዎች መዝሙር እንደ እርሳቸው ቁራሽ እየለመነ ከተማረ፥ ከእርሳቸውም አገር ከወጣ ሰው አፍ የወጣ መሆኑን ግን አላወቁም ነበር። አባቴ የሰውየውን ግማሽ ያውቁ ነበር፤ የእኔ መምህር ደግሞ ሌላውን ግማሽ ያውቁ ነበር። ሁለቱ ግማሾች የተገናኙት በዚያች ሌሊት በእኛ ምድጃ ዳር ነው።

አባቴ ፈቅጃለሁ አላሉኝም። ጧት ልሰናበት ስነሣ ግን በሶው በአቅማዳ ተቋጥሮ በበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ለእኔ ፈቃዱ ያ ነበር።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በመጋረጃው ቀዳዳ ብመለከት አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ ከኋላ ከግድግዳው ጥግ ቆመዋል። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ተራዬ ደርሶ ስወጣ በዚያ ዘመን በራዲዮ የምሰማውን የአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ድምፅ ለማስመሰል ሞከርሁ። ድምፄም በመካከል ተሰበረና ጸጥ አልሁ። ከወንበሮቹ መካከል ሳቅ ተነሣ። ያን ጊዜ የማደርገው ሲጠፋኝ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ በልጅነቴ ከእናቴ ነጠላ ሥር የሰማሁት የሌሊቱ ማኅሌት ትዝ አለኝ። ከዚያም የማንንም ድምፅ ሳልበደር በራሴ ድምፅ፥ ዝግ ባለ ዜማ እንደገና ጀመርሁ። ሳቁ ቀረ። ስጨርስ አዳራሹ አጨበጨበ፤ አባቴን ባያቸው ግን አያጨበጭቡም ነበር።

ከበዓሉ በኋላ በመንገድ ስንሄድ አባቴ ስለ መጀመሪያው ስሕተቴ አንድም ቃል አልተናገሩም። ይልቁንስ ከሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ቦታ ትንፋሼን ያለ ቦታው እንደ ወሰድሁ ነገሩኝ፤ ትንፋሹን ከቃሉ መጨረሻ ላይ ብወስድ ዜማው እንደማይቈረጥ እየሄዱ በድምፃቸው አሳዩኝ። የአዝማሪነቱ ነገር ከዚያ ወዲያ በቤታችን አልተነሣም። አባቴ እንደ ተሳሳተ ልጅ ሳይሆን እንደ ዜማ ተማሪ አርመውኛልና፤ ለእኔ ከጭብጨባው ሁሉ ይህ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ዓመት አልፏል። መምህር ሆኜ፥ አባቴ የተመኙልኝንም አድርሻለሁ፤ መድረኩንም አልተውሁም። በየጊዜው ስለ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ የተጻፈውን እየፈለግሁ ሳነብ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ከእርሳቸው ቀደም ያሉት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ስላስቀረጹ ዛሬም ልንሰማቸው እንችላለን። የዮፍታሔን ድምፅ ግን እኔ አላገኘሁትም፤ ከድርሰቶቻቸውም ብዙዎቹ በጊዜው ሳይታተሙ ተበታትነው ነበር። ዮሐንስ አድማሱ የተባሉ ባለ ቅኔና ተመራማሪ ደክመው ታሪካቸውንና ሥራቸውን ባይሰበስቡ ኖሮ የምናውቀው ከዚህም ያነሰ በሆነ ነበር። ያም መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው አዘጋጁ ራሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፥ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ስማቸውን የማነሣበት ምክንያት ይህ ነው። ለእኔ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ሦስት ነገር አስተምረውኛል። አንደኛው፥ ሙያ የሚከበረው ወይም የሚዋረደው ሠሪው በሚሰጠው ክብር መሆኑን ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሆነው መድረክን አልናቁም፤ መድረክ ላይ ወጥተውም ሊቅነታቸውን አልጣሉም። ሁለተኛው፥ ከቤት ይዘውት የወጡትን ዕውቀት አዲሱ ትምህርት ሲመጣ መጣል እንደማይገባ ነው፤ ከደብረ ኤልያስ የያዙትን ጥሪት አዲስ አበባ ላይ ዘሩት፤ አገርም በላበት። ሦስተኛው በሕይወታቸው ካለው ሳይሆን ከጐደለው የተማርሁት ነው። ድርሰታችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ዜማችሁን ቅረጹ፤ ዛሬ ስልክ በእጃችሁ ስላለ ይህ አያስቸግራችሁም። የአያቶቻችሁንም ድምፅ እነርሱ ሳያልፉ ቅረጹ። እኔ የአባቴን ዜማ ሳልቀርጽ አልፈውብኛል፤ ይህን ስሕተት እናንተ አትድገሙት።

አንዳንድ ጊዜ ልምምድ ሲያልቅና አዳራሹ ባዶ ሲሆን ብቻዬን እቀርና የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ድምፅ እንዴት ያለ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን፥ የሚያስለቅስ ነበር ወይስ የሚያስፎክር፥ ማወቅ አልችልም። ነገር ግን ባሰብሁት ቍጥር በጆሮዬ የሚመጣብኝ በዚያች ማታ በመንገድ ላይ ትንፋሼን ሲያርሙ የሰማሁት የአባቴ ድምፅ ነው። ምናልባት ብዙም አይራራቁ ይሆናል፤ ሁለቱም ከአንድ አገር ማኅሌት የወጡ ናቸውና።